«ሆቴል ውስጥ ነው የሚኖሩት» ስለተባለው ነገር

የነታንያዋ እናት፦
ትናንት በእኛ በቤተ እስራኤል የስግድ በዓል ላይ አንድ ተጋባዥ ተናጋሪ «ከእስራኤል ውጭ የሚኖር አይሁዳዊ የራሱን ቤት ዘግቶ ሆቴል የሚያድር ሰው ነው» አለ። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ልጄ ኒው ዮርክ ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ያገባችውም የወለደችውም እዚያ ነው። ዓርብ ከሰዓት ስልኳን ከምድጃው አጠገብ አቁማ የሰንበቱን ዳቦ ስትጋግር እያየኋት እናወራለን። ኮባ ቅጠል ስላጣች በወረቀት ነው የምትጋግረው፤ ሥርዓቱ ግን እናቴ ጎንደር አጠገብ ወለቃ መንደር ያስተማረችኝ ነው። ሆቴል የሚያድር ሰው ዳቦ ይጋግራል?

የአምቦበር ልጅ፦
እህቴ፣ ተናጋሪው ምን አጠፋ? መነኩሴያችን አባ ማህሪ እ.ኤ.አ. በ1862 ሕዝቡን አስከትሎ ወደ ቀይ ባሕር ሲነሣ ወዴት እየሄደ ነበር? ትግራይ ላይ በረሃብና በበሽታ ያለቁት ወዴት ለመድረስ ነው ያለቁት? በሱዳን መንገድ ወደ 4,000 ወገኖቻችን ቀርተውብናል፤ መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ ላይ ቆሟል። እነርሱ በእግራቸው ሲመጡበት የሞቱትን ሀገር ልጅሽ በአውሮፕላን ትታው ሄደች። ዳቦ መጋገርማ ጎንደርም እንጋግር ነበር። ዳቦው ቤት ቢያደርገው ኖሮ ለምን ወጣን?

ከሜሪላንድ፦
«ሆቴል» የተባለውን ቃል እንያዘው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ከ14,000 በላይ ሰው ሲጫን፣ ለኢትዮጵያ መንግሥት የተከፈለውን 35 ሚሊዮን ዶላር ማን አዋጣ? የአሜሪካ አይሁዶች ናቸው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ። የአምቦበር ልጅ ሆይ፣ ዛሬ እንግዳ የምትላቸው ሰዎች የከፈሉልህ መንገድ ነው ያደረሰህ። ደግሞ ቤን ጉሪዮን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1950 ለአሜሪካ አይሁዶች ኮሚቴ መሪ ለያዕቆብ ብላውስታይን የአሜሪካ አይሁዶች የፖለቲካ ታማኝነታቸው ለአሜሪካ ብቻ እንደሆነ በግልጽ አረጋግጦለታል። ሀገሪቱን ያቆመው ሰው ያላለውን እኛ ከየት አመጣነው?

የአምቦበር ልጅ፦
እኔ እ.ኤ.አ. በ1984 በሱዳን በኩል በእግሬ ነው የመጣሁት፤ ማንም አልከፈለልኝም። ስለ ሌሎቹም ቢሆን ገንዘብ መስጠት ሌላ፣ መጥቶ መኖር ሌላ ነው። ቤን ጉሪዮን ያን ቃል የሰጠው የአሜሪካ አይሁዶች ድጋፍ እንዳይቀርበት ነው፤ ከዚያ በኋላማ «ኑ፣ ውጡ» ማለቱን መች ተወ? ልጄ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 ጦርነት ወዲህ ሦስት ጊዜ ለተጠባባቂ ጦር ተጠርቷል። እናቱ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቆማ ትቀራለች። ከዚያ ወዲያ ከኒው ዮርክና ከለንደን «እንዲህ አድርጉ፣ እንዲህ አታድርጉ» የሚል ሰው ሲመጣ እኔ እንግዳ ነው የምለው። ግብር አይከፍልም፣ አይመርጥም፣ ልጁንም አይቀብርም።

የነታንያዋ እናት፦
ስለ ልጅህ እግዚአብሔር ይጠብቀው፤ የእኔም ታናሹ ጦር ውስጥ ነው። የእናቱን ሆድ አውቀዋለሁ። ነገር ግን «ቤት» ያልከውን በር እናስታውስ። አይሁዳዊ ሁሉ እስራኤል እንዲገባ የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ለእኛ የተፈቀደው በ1975 ነው፤ ዋናው ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973 «ከእስራኤል ነገዶች የዳን ነገድ ናቸው» ካሉ በኋላ። ሃያ አምስት ዓመት በሩ ሲዘጋብን ከውጭ ሆነው ካንኳኩልን መካከል እነዚያ «ሆቴል» የተባሉት አሜሪካውያን ነበሩ። ከገባንም በኋላ «በውኃ ተነክራችሁ አይሁድነታችሁን አጽኑ» ተባልን። እ.ኤ.አ. በ1985 ኢየሩሳሌም ራቢዎቹ ደጃፍ አንድ ወር ያህል ውጭ ያደሩት ሽማግሌዎች በገዛ ቤታቸው ደጅ ነበር ያደሩት? እንደገና ልጠይቅህ፦ በገዛ ቤታቸው?

ከሜሪላንድ፦
የኢየሩሳሌሙ የጸሎት ስፍራ፣ የምዕራቡ ግንብስ? መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ወንድና ሴት አብረው የሚጸልዩበት ቦታ በአግባቡ እንዲደራጅ ወሰነ፤ በሰኔ 2017 ውሳኔውን አገደው። አብዛኛው የአሜሪካ አይሁዳዊ በምኩራቡ የሚጸልየው በዚያ ዓይነት ነው። «ቤትህ ነው ና» ትለዋለህ፣ ሲመጣ ደግሞ እንዳባቱ እንዳይጸልይ ትከለክለዋለህ።

የረሖቮቱ፦
የአሜሪካው አይሁዳዊ የምዕራቡን ግንብ የሚጎበኘው በዓመት አንድ ቀን ነው። ለአንድ ቀን ብሎ የሺህ ዓመት ሥርዓት አይለወጥም።

ከሜሪላንድ፦
ሴት እናቶቻችን አምቦበርም ወለቃም መስጊዱ (የቤተ እስራኤል ጸሎት ቤት) ድረስ መጥተው ይጸልዩ ነበር፤ የቄሶቻችንን፣ የቤተ እስራኤል ካህናትን፣ ሥርዓትስ ራቢዎቹ መቼ ተቀበሉት? የማን የሺህ ዓመት ሥርዓት እንደሆነ ንገረኝ።

የረሖቮቱ፦
ነገሩን ወደ ቄሶች አትጎትተው። የቄሶችን ጉዳይ ካነሣህ ማታ ድረስ አንጨርስም።

ከጎንደር፦
ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቤትና ሆቴል ስትሉ አነባለሁ። እኔ የምጽፈው ጎንደር ከተከራየሁት አንድ ክፍል ነው። መሬታችንን ትተን ከገጠር ስንገባ አባቴ «ለጥቂት ወር ነው» ብሎን ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። እናቴ አሽቀሎን ያለችውን እህቷን ሳታገኝ ሞተች። ለመንገድ ብላ የገዛችው ብርድ ልብስ ሻንጣ ውስጥ አልጋዬ ሥር ነው። ክረምት ሲገባ አውጥተን እንለብሰዋለን፣ መስከረም ሲጠባ አጥበን እንመልሰዋለን። ዘንድሮ ጠርዙ ተበልቶ ሚስቴ ሰፋችው። እስቲ ንገሩኝ፣ እኔ ያለሁት ቤት ነው ወይስ ሆቴል?

የረሖቮቱ፦
ያንተ ጉዳይ የተለየ ነው። ፈላሽ ሙራ በመመለስ ሕግ አይገባም፤ የሚገባው በመግቢያ ሕግ፣ ለቤተሰብ መገናኘት ተብሎ ነው። አያቶችህ ሃይማኖታቸውን ትተዋልና። ሕጉን እኔ አልጻፍኩትም።

ከጎንደር፦
በዚያ ስም አትጥራኝ። አያቶቼ የተጠመቁት መሬት መውረስ ስላልተፈቀደላቸው፣ ቡዳ እየተባሉም ስለተገፉ ነው። እኔ ሰንበትን ጠብቄ አድጌያለሁ፤ ጎረቤት ሲጣላኝ የሚሰድበኝ በአይሁድነቴ ነው። ለስድቡ አይሁዳዊ ነኝ፤ ለቪዛው ሲሆን ፈላሽ ሙራ!

የአምቦበር ልጅ፦
የረሖቮቱ፣ እንዲህ አይባልም። የአጎቴ ልጆችም እዚያው ናቸው። ወንድሜ ከጎንደር፣ ተናጋሪው ስለ አንተ አልተናገረም፤ መምጣት እየቻሉ ስለማይመጡት ነው የተናገረው። አንተማ ሻንጣህን ያሰርክ ሰው ነህ፤ የእኔን ሐሳብ ነው የምታጸናልኝ።

የነታንያዋ እናት፦
ቃሉ «ከእስራኤል ውጭ የሚኖር አይሁዳዊ» ነበር። አዳራሹ ውስጥ ስለነበርኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማንንም ለይቶ አላወጣም።

የአምቦበር ልጅ፦
ታዲያ ማለት የፈለገውን ታውቂያለሽ።

የነታንያዋ እናት፦
እኔ የማውቀው ያለውን ነው። ልጄንም ይህን ሰውዬም በአንድ ቃል ጠቀለላቸው፤ እናንተም አጨበጨባችሁ።

ከጎንደር፦
የነታንያዋ እናቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጅዎ ነገ «ልግባ» ብትል ስንት ቀን ይፈጅባታል?

የነታንያዋ እናት፦
ትኬት በቆረጠች ማግሥት ትገባለች። ፓስፖርቷ እስራኤላዊ ነው፣ አልጋዋም እንደተነጠፈ ነው።

ከጎንደር፦
እንግዲያውስ የእርሷ ቤት ነው፤ ይተዋት ትኑር፣ ስትፈልግ ትመጣለች። የእኔን ግን እስካሁን አንዳችሁም አልመለሳችሁልኝም።