6063 የአሉሚኒየም ቢሌት፦ ፕሮፋይሉ ይቀደዳል፣ ያብጣል። ጥፋቱ የዳዩ ነው ወይስ የቢሌቱ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአሉሚኒየም ስክራፕ (ቁርጥራጭ) እና ኢንጎት (አዲስ የአሉሚኒየም ጡብ) ቀላቅለን አቅልጠን ከ6063 ቅይጥ 178 ሚሜ ዲያሜትር ያለው ቢሌት (ክብ ግንድ) እናወጣለን። ቢሌቱን በዳይ (ቅርጽ ሰጪው ቀዳዳ) ገፍቶ ፕሮፋይል በሚያወጣው ፕሬስ ላይ ፍጥነት ስንጨምር የፕሮፋይሉ ጠርዝ ይቀደዳል። ቀስ ብለን ስንገፋም ገጹ በእጅ ሲዳሰስ ይሻክራል፤ አንዳንዱ ላይ እብጠት ይታያል። ሆሞጂናይዜሽን (ቢሌቱን አሙቆ ውስጡን ወጥ ማድረግ) የምናደርገው በ560 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ምድጃው እንደተዘጋ ያድራል። ቢሌቱ ፕሬስ የሚገባው በ450 ዲግሪ ነው። ዳዩን እናስተካክል?

መልስ 1፦
ዳዩን ለጊዜው አትንኩት። ዋናው ችግር ቢሌቱ ምድጃ ውስጥ ማደሩ ነው። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ማግኒዥየምና ሲሊኮን ተጣምረው ትልልቅ ቅንጣት ይሠራሉ። እነዚህ በፕሬሱ አጭር ጊዜ አይሟሙም፤ ፍጥነት ሲጨምር በዙሪያቸው ያለው ቦታ ቀድሞ ይቀልጥና ጠርዙ ይቀደዳል። ፕሮፋይሉ ኤጂንግ (ለማጠንከር ዝቅ ባለ ሙቀት ማቆየት) ከተደረገለት በኋላም ጥንካሬው ያንሳል። ስለዚህ ቢሌቱን እንደወጣ በትልቅ ፋን አቀዝቅዙት፤ እስከ 200 ዲግሪ ድረስ በሰዓት ቢያንስ 200 ዲግሪ፣ ከተቻለ 300 ይውረድ። ውሃ ውስጥ መንከር ግን አያስፈልግም፤ ቢሌቱ ይጠነክርና የፕሬሱ ግፊት ይጨምራል።

2 ሰዓቱም ያንሳል። ሻካራነቱ በአብዛኛው የሚመጣው ብረትና ሲሊኮን ያለበት ስለታም ቅንጣት ወደ ክብ ቅርጽ ሳይለወጥ ሲቀር ነው። 570–580 ዲግሪ ላይ ከ4 እስከ 6 ሰዓት አቆዩት። ሰዓቱ የሚቆጠረው የምድጃው አየር ሲሞቅ ሳይሆን የቢሌቱ መሀል ሲደርስ ነው፤ አንድ ቢሌት እስከ መሀሉ ብሱና ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) አስገቡበት።

መልስ 2፦
እብጠቱን ለይታችሁ ተመልከቱት። አዲስ ቢሌት በገባ ቁጥር የፕሮፋይሉ መጀመሪያ ላይ ብቻ ከታየ ኮንቴይነሩ (ቢሌቱ የሚገባበት የፕሬሱ ሲሊንደር) ውስጥ የታሰረ አየር ነው፤ የቢሌቱን የፊት ጫፍ (በዳዩ በኩል ያለውን) ከኋላው ጫፍ በ30–50 ዲግሪ አብልጣችሁ አሙቁት፣ ፕሬሱም መጀመሪያ ተጭኖ ለቀቅ እያደረገ አየሩን ያስወጣ። በየቦታው ከተበተነ ግን ሃይድሮጅን ነው። ምንጩ እርጥብ ወይም ዘይት የነካው ስክራፕ፣ ያልደረቀ ፍላክስ (ቅልጡን የሚያጠራ ጨው)፣ ከ750 ዲግሪ በላይ የሞቀ ቅልጥ ነው። እርጥብ ስክራፕ ቅልጥ ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል፣ ሰው ይገድላል፤ አስቀድማችሁ አሙቃችሁ አድርቁት።

ከመቅዳታችሁ በፊት ደረቅ አርጎን በሚሽከረከር ሮተር ንፉበት፤ ቅልጡን በኢንች 30 ቀዳዳ ባለው የሴራሚክ ፊልተር አሳልፉት። መሻሻሉን ለማየት ሁለት ናሙና ውሰዱ፤ አንዱ በአየር፣ ሌላው በቫኪዩም ይጠንክር። በቫኪዩም የጠነከረው ናሙና ጥግግት ከሌላው በጣም ከቀነሰ ጋዙ አልወጣም።

ጠያቂ፦
ከልብ አመሰግናለሁ። በምርመራ ብረቱ 0.34% ወጥቷል። ፍላክስ ይቀንሰዋል?

መልስ 1፦
አይቀንሰውም። ብረትን ማቅጠን እንጂ ማውጣት አይቻልም። የ6063 ጣሪያ 0.35% ስለሆነ ደረጃውን አልጣሰም፤ ገጹ ለአኖዳይዚንግ (በኤሌክትሪክ መከላከያ ሽፋን መስጠት) ከሆነ ግን ወደ 0.2% አውርዱት። 0.10% ብረት ካለው ኢንጎት ጋር እኩል በእኩል ብትቀላቅሉት 0.22% ይሆናል። ማግኒዥየምና ሲሊኮኑም አብረው ስለሚቀንሱ እንደገና አስመርምሩና የጎደለውን ሙሉ፤ ማግኒዥየም ስለሚቃጠል መጨረሻ ላይ ቅልጡ ውስጥ አጥልቃችሁ ጨምሩት።

መልስ 3፦
የብረቱን ክሪስታል የሚያደቅቀው፣ ቲታኒየም 5% እና ቦሮን 1% ያለው የአሉሚኒየም ዘንግም አይርሳ። በቶን 1–2 ኪሎ ያህል፣ ቅልጡ ወደ ሞልድ በሚፈስበት ቦይ ላይ ሳይቋረጥ ይግባ። ምድጃው ውስጥ ከተጨመረ ቦሮኑ ከቲታኒየም ጋር ሆኖ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ቢሌቱም ሲጠነክር መሀሉ ይሰነጠቃል።