ልጄን ጎልፍ ማስጀመር ፈልጌ ነበር

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ? ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባን ዓመት ሊሞላን ነው። የ9 ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት ጎልፍ አስሞክረውት ከመጣ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። አባቱ ግን «የሀብታም ጨዋታ ነው» ብሎ ዘጋው። ልጁን ያስጀመረ ካለ ምክር እፈልጋለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። እኔም ልክ እንደ ባለቤትሽ ነበር የማስበው። ታክሲ ስነዳ ዱላቸውን ኋላ ጭኜ የማደርሳቸው ሰዎች ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ልጄ ከጀመረች አምስት ዓመቷ ነው። እናቴ በቪዲዮ አይታት «ገና ነው እንዴ የምትጫወተው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛም በቆልማማ ዱላ ሩር ስንመታ ነው ያደግነው። ይህን ለባለቤትሽ ንገሪው።

ስላይጎ ክሪክ የሚባለው የሕዝብ ሜዳ እዚያው አጠገባችሁ ነው። ሙሉ ሜዳ ኳስ የሚገባበት 18 ጉድጓድ አለው፤ የዚህ ግን 9 ብቻ ስለሆነ ልጅ አይሰለችም። አባልነት አያስፈልግም፣ የተጫወታችሁበትን ከፍላችሁ መሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተው ፈርስት ቲ የተባለ ድርጅት ልጆችን ጎልፍ ያስተምራል። የክፍያ እርዳታ እንዳለ ሳታፍሪ ጠይቂ። ዩዝ ኦን ኮርስ በሚባለው የልጆች ፕሮግራም ላይ ከተመዘገበ ደግሞ እስከ 18 ዓመቱ ድረስ በተባባሪ ሜዳዎች በ5 ዶላር ወይም ከዚያ ባነሰ ይጫወታል።

አዲስ ዱላ አትግዢ፣ በየዓመቱ ያጥርበታል። ያገለገለ አራት አምስት ዱላ ይበቃዋል። የአዋቂ ዱላ ግን ቆርጣችሁ አትስጡት። ስለሚከብደው አመታቱን ያበላሽበታል።

አሰልጣኝ ላይ ተጠንቀቂ። የመጀመሪያው የአስር ቀን ክፍያ ቀድሞ ተቀብሎን ግማሹን ሰዓት ስልኩ ላይ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የአንድ ቀን ብቻ ክፈይ። ሁለተኛዋ ግን ሌላ ሰው ናት። በመጀመሪያው ቀን ትልቁን ዱላ አላስነካቻትም። ኳሷን ከጉድጓዱ አንድ እርምጃ ላይ አስቀመጠችና «አስገቢ» አለቻት። አምስት ጊዜ ስታስገባ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። እንደገና አምስት። ጉድጓዱ ስፋቱ 10.8 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የሲኒ ማስቀመጫ አያክልም። ልጄ ኳሷ ስትወድቅ የምታሰማውን «ቋ» የሚል ድምፅ ወደደችው። በዚያው ተያዘች።

እኔን ደግሞ ወደ አጥሩ ወስዳ «ስትመታ አትናገር፤ መኪና ውስጥም ስህተቷን አታንሳባት፣ ምን ደስ እንዳላት ጠይቃት» አለችኝ። እኛ ወላጆች «ለምን ሳትሽው?» ማለት ይቀናናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ከሜዳ ስትወጣ ራሷ ማውራት ጀመረች። ከዱላ አያያዙ ሁሉ ይበልጥ የጠቀመን ይህ ነው።

ውድድርም አያስፈራችሁ። ሃንዲካፕ የሚሉት ነገር አለ፤ ደካማውና ጎበዙ እኩል እንዲፎካከሩ ለእያንዳንዱ የሚሰጥ ቁጥር ነው፣ ደካማው ትልቅ ቁጥር ይይዛል። የእኔ 24 ነው፣ የጓደኛዬ 6። ስንጋጠም በ18ቱም ጉድጓድ አንድ አንድ ምት ይቀነስልኛል። እሱ በ5 ካስገባና እኔ በ6 ካስገባሁ እኩል ነን። በርከት ብለን ስንሰበሰብ ግን የምንጫወተው ስክራምብል ነው። አራታችንም እንመታለን፣ ጥሩ ያረፈችው ኳስ ትመረጥና ሁላችንም ከእሷ እንቀጥላለን። ጀማሪ አንድ ጥሩ ምት ከመታ ቡድኑን ያድናል፣ ቀኑን ሙሉ ሲያወራላት ይውላል።

አንድ ቀን ዲሲ፣ ቤኒንግ ሮድ ላይ ወዳለው ላንግስተን የጎልፍ ሜዳ ውሰጂው። ጥቁሮች የነጮች ሜዳ ላይ እንዳይጫወቱ በሚከለከሉበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ለእነሱ ተብሎ የተከፈተ ነው። ዌክ ሮቢን የተባለው የጥቁር ሴቶች ክለብ ሜዳ ይሰጠን ብሎ ሲታገል ነበር። የፕሮፌሽናሎቹ ማኅበር ፒጂኤ «ነጭ ብቻ» የሚለውን ደንቡን ያነሳው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ይህን ስነግራት ልጄ ዱላዋን ይዛ ዝም ብላ ቆመች። ከዚያ «እዚህ ነው የምጫወተው» አለችኝ።

ጥያቄ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ! ለአባቱ አነበብኩለት። «ገና» ስትል ሳቀ፣ ቅዳሜ አብሮን ሊመጣ ነው። ምን ላልብሰው?

መልስ፦ ስኒከርና ኮሌታ ያለው ቲሸርት ይበቃል። ጂንስ የማይፈቅዱ ሜዳዎች ስላሉ ይቅርበት። ውሃና ኮፍያ ያዙ። ደግሞ «ፎር!» የሚል ጩኸት ከሰማችሁ ከየት ነው ብላችሁ ቀና አትበሉ። ኳስ እየመጣ ነው ማለት ነው፤ ልጁን አቅፈሽ ጎንበስ በይ።