ለልጄ ትንሽ ሻርክ ልግዛለት ወይ?

የልደታዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። ልጄ ሻርክ ካልገዛሽልኝ ብሎ እረፍት ነስቶኛል። ፒያሳ አንድ ሱቅ ስገባ «ትንንሽ ሻርክ አለን» አሉና ሰውነቱ ጥቁር፣ ጭራው ደም የመሰለ፣ ጣት የሚያህል ዓሳ አሳዩኝ። ሌላው ብርማ ሆኖ የክንፎቹ ጠርዝ ጥቁር ነው። 60 ሊትር የሚይዝ የዓሳ ማኖሪያ መስታወት ለሁለቱም ይበቃል አሉኝ። እውነት ሻርክ ናቸው? አያድጉም? መብራት በሚጠፋበት ቤትስ ይኖራሉ? ልጁ ከለመዳቸው በኋላ እንዳይሞቱበት ነው ፍርሃቴ።

የአራት ኪሎው፦
እህቴ፣ ሳትገዢ መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ሁለቱም ሻርክ አይደሉም። ጭራ ቀዩ ሬድ ቴይል ሻርክ፣ ብርማው ባላ ሻርክ ይባላሉ፤ ጀርባቸው ላይ በቆመው ክንፍ ነው ስሙ የወጣላቸው። ዘራቸው ካርፕ ከሚባለው ዓሳ ነው፣ ከጣናው ቢልጫ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። የሚኖሩትም በጨው አልባ ውሃ ነው።

ባላውን ተዪው። እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፣ ከመሰሎቹ ጋር በመንጋ ካልሆነ ይደነግጣል፣ ሲደነግጥ ደግሞ ዘሎ ይወጣል። ለእሱ 60 ሊትር እስር ቤት ነው።

ሬድ ቴይሉ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቆማል። አገሩ ታይላንድ ሲሆን በተፈጥሮ ወንዙ ሊጠፋ የተቃረበ ዓሳ ነው፤ ገበያ ላይ ያለው በእርባታ የተገኘ ነው። አንድ ብቻ ግዢ፣ ሁለት ከሆኑ ደካማው እየተባረረ ያልቃል። 200 ሊትር ገደማ ስጪው፣ መደበቂያም ያስፈልገዋል። የኔው የሚያድረው አጋድሜ ባስቀመጥኩለት የሸክላ ድስት ውስጥ ነው። ማታ መብራቱን ሳጠፋ አፉን ብቻ ብቅ አድርጎ ያያል፣ ሌላ ዓሳ በደጁ ካለፈ ተወርውሮ ያባርርና ይመለሳል። ጥቁረቱ ወደ ግራጫ ከደበዘዘ አንድ ነገር ከፍቶታል ማለት ነው፤ መጀመሪያ ውሃውን መርምሪ።

አሁን ሻጮች የማይነግሩሽን ልንገርሽ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል 2400 ሜትር አካባቢ ከፍ ያለች ናት፣ የአየሩ ግፊት በባህር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። 25 ዲግሪ በሆነ ውሃ በባህር ጠረፍ በሊትር 8 ሚሊግራም ሲሟሟ፣ እኛ ጋ 6 ቢሆን ነው። በውጭ አገር መመሪያ «ይህን ያህል ዓሳ ይችላል» የሚለውን እኛ ሳንቀንስ ብንከተል ዓሳው አፉን ላይ አውጥቶ አየር ሲፈልግ እናገኘዋለን። ኤር ፓምፕ (ውሃው ውስጥ አየር የሚነፋው መሣሪያ) እዚህ ከተማ ቅንጦት አይደለም፣ ሌሊትም አይጠፋም።

ብርዱም አለ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ይህ ዓሳ ከ24 እስከ 26 ይፈልጋል። ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) ግድ ነው። መብራት ሲጠፋ መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልዪው፣ በባትሪ የሚሠራ ኤር ፓምፕም ይኑርሽ።

ውሃው ክሎሪን አለበት፤ በባልዲ ቀድተሽ ኤር ፓምፕ ከተሽበት አንድ ቀን ይደር፣ ከሮቶ የመጣ ከሆነም ሙቀቱን ሳታስተካክዪ አትጨምሪ። ዓሳው ከመግባቱ በፊት ፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ከ4 እስከ 6 ሳምንት ዓሳ ሳይኖር ይሥራ። በየቀኑ ቁንጥር ምግብ ጣይበት፣ ሲበሰብስ የሚወጣውን፣ ዓሳን የሚመርዘውን አሞኒያ የሚበሉ ባክቴሪያዎች ይበዛሉ። አብዛኛው ሰው ዓሳ የሚሞትበት ይህን ስለሚዘል ነው።

ካዛንቺስ፦
እውነተኛው ሻርክስ? ባምቡ ሻርክ የሚባል ትንሽ አለ ይባላል። ለባህር ውሃው ጨዉን ከአፍዴራ ብናመጣስ?

የአራት ኪሎው፦
ወንድሜ፣ ባምቡ ሻርክ «ትንሽ» የተባለው ከሌላው ሻርክ ጋር ሲነጻጸር ነው፤ አንዳንዱ ዝርያ አንድ ሜትር ይደርሳል፣ ሲዋኝም ሲዞርም ሰፊ ወለል ይፈልጋል። ከ1000 ሊትር በታች አላስበውም። የባህር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፣ ስለዚህ ለመጀመሪያው ሙሌት ብቻ 35 ኪሎ ሊያስፈልግህ ነው። የምግብ ጨው ደግሞ ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ የባህሩ ማግኒዚየምና ካልሲየም የለበትም፣ አይሆንም። ለሌላ ዓሳ በሽታ የምንሰጠው መዳብ ያለበት መድኃኒትም ሻርክን ይገድላል። መብራት ግማሽ ቀን ቢጠፋ ምን ታደርጋለህ? እንስሳው ያሳዝነኛል፣ እኔ በዚህ ከተማ ቤት ውስጥ አላስገባውም።

የልደታዋ እናት፦
ወንድሜ ተባረክ። ለልጄ አነበብኩለት፣ ጭራ ቀዩን መርጧል። 200 ሊትሩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አይከብድም? ካደገ በኋላ ብንሰለቸውስ ወንዝ ይለቀቃል?

የአራት ኪሎው፦
ውሃው ብቻ 200 ኪሎ ነው፣ መስታወቱ፣ ጠጠሩና ማስቀመጫው ሲጨመር ከ250 ያልፋል። ከክፍሉ መሃል አታድርጊው፣ ቢም (ወለሉን የሚሸከም አግዳሚ) ባለበት ግድግዳ ጥግ ይሁን፤ ፀሐይ የሚመታው መስኮት አጠገብም አይሁን፣ አልጌ ያለብሰዋል። ወንዝ ግን በፍጹም። እምቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው እናውቃለን፣ የውጭ እንስሳ መልቀቅም እንደዚያው ነው። ካስቸገረሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ የሚወስደው አፈላልጋለሁ።

አንድ ነገር ለልጁ ንገሪው፦ ውሃ ስትቀይሩ ሂተሩ ቀድሞ ከሶኬት ይነቀል፣ ጥቂት ደቂቃም ይቀዝቅዝ። እንደጋለ ከውሃ ሲወጣ የሂተሩ መስታወት ይሰነጠቃል።