አዲሱ ብራንች ቤት፣ የጥጉ ካፌ ወይስ የሆቴሉ ቡፌ?

ወደዚህ ከተማ ከመጣሁ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ነው። መጀመሪያ ላይ «የት ይበላል?» እያልኩ ሰው የማሰለቸው እኔ ነበርኩ። አሁን ነገሩ ተገልብጧል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ብቻ አራት ሰው «ሰፈራችሁ የተከፈተው ብራንች ቤት እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለእያንዳንዱ ከምደጋግም አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሆን ብዬ ነው። አንድ ቤት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት በሚበላ ምግብ አይፈረድበትም። የወጥ ቤቱ እጅ ገና አልተፍታታም፣ አስተናጋጆቹ የጠረጴዛ ቁጥር ይምታታባቸዋል፣ ባለቤቱ ከበር እስከ ጓዳ ይሮጣል። እኔም የመጀመሪያ ቀን ኦምሌት አዝዤ የሌላ ሰው ፓንኬክ መጣልኝ። ምንም ሳልል በላሁት። ርቦኝ ነበር።

ብራንች ማለት፣ ለማያውቀው፣ ቁርስና ምሳን አንድ ላይ የሚያደርግ አርፍዶ የሚበላ ምግብ ነው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1895 በጽሑፍ ያስተዋወቀው ጋይ ቤሪንገር የሚባል እንግሊዛዊ ጸሐፊ ነው። እሁድ ከጸሎት መልስ ከባድ የሥጋ ምሳ ከመብላት፣ እኩለ ቀን ገደማ በሻይ ወይም በቡና የሚጀመር ቀለል ያለ ምግብ ይሻላል ባይ ነበር። ቅዳሜ ማታ ያመሸ ሰው ማልዶ ከመነሳት ይገላገላል ማለቱም አልቀረም። ሰውየው ልኩን ያውቃል።

አሁን ወደ ምግቡ። አዲስ ቤት የምመዝነው በፖችድ እንቁላል ነው፤ ማለትም ልጣጩ ተሰብሮ በቀጥታ ሙቅ ውሃ ውስጥ በሚበስለው። ዘይት የለው፣ ቅመም የለው፣ መደበቂያ የለውም። የእንቁላሉ ነጭ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አለፍ ሲል መርጋት ይጀምራል። አስኳሉ ደግሞ ከነጩ ትንሽ ዘግይቶ፣ 65 ገደማ ላይ መወፈር ይጀምራል። ስለዚህ ደቂቃዋን የሚቆጥር ሰው ምድጃው አጠገብ መቆም አለበት። እንቁላሉ የቆየ ከሆነ ደግሞ ነጩ ይቀጥንና ውሃው ውስጥ ክር ክር ብሎ ይበተናል። በሦስተኛው ጉብኝቴ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ የመጣልኝን በሹካ ጫፍ ነካ አደረግኩት። ተንቀጠቀጠ። ሲቀደድ አስኳሉ ቀስ ብሎ ወርዶ ዳቦው ውስጥ ገባ። ነጩ ላይ ጥሬ የሆነ ቦታ አልነበረም። እዚያች ላይ ቤቱን ወደድኩት።

ቅዳሜ ግን ሌላ ቤት ነው። እውነቴን ነው፣ ያው በር፣ ያው ሜኑ፣ ግን ሌላ ቤት። አርባ ደቂቃ ቆመን ጠበቅን። እንቁላሉ ላይ የፈሰሰው የሆላንዴዝ ሶስ ተለያይቶ ነበር፤ ቅቤው ለብቻው ወጥቶ የሳህኑ ዳር ላይ ቢጫ ኩሬ ሠርቷል። ሶሱ ቅቤ፣ አስኳልና ሎሚ ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ይበላሻል፤ ሰው ሲበዛ ደግሞ እሳቱን ማን ያይለታል? በዚያ ላይ ጫጫታው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው መስታወት ነው፤ ድምፅ የሚውጥ መጋረጃ እንኳን የለም። አማቴን ይዣት ሄጄ ነበር። እሷ «ምን አልሽ?» እኔ «እህ?» ስንባባል ሂሳቡ መጣ።

ከሌሎቹ ጋር ላወዳድረው። ጥጉ ላይ ያለው የድሮ ካፌ ሜኑው አንድ ገጽ አይሞላም። ጥብስ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ቡና፤ በቃ። ቡናው ግን ከአዲሱ ይበልጣል፣ ትኩስ ነው፣ ስኒው ራሱ ሞቆ ይመጣል። ብቻውን ጋዜጣ ይዞ ለሚቀመጥ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ሂሳቡም ቀላል ነው።

የሆቴሉ ቡፌ ለልጆች ነው። ልጅ ይዞ አዲሱ ቤት አርባ ደቂቃ መቆም ቅጣት ነው፤ ቡፌ ላይ ግን ልጁ ገብቶ ወዲያው ፍራፍሬውን ይይዛል። ችግሩ ፍርፍር እንቁላሉ ነው። ትሪው ላይ ከእሳት ሳይወርድ በቆየ ቁጥር ይደርቃል፣ ከሥሩም ውሃ ያወጣል። ስለዚህ በተከፈተ በመጀመሪያው ሰዓት ሂዱ። ካረፈዳችሁ ደግሞ ትሪው እስኪቀየር ጠብቁ፤ አዲስ ሲመጣ ሰው ሁሉ ሲነሳ ታዩታላችሁ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ የአዲሱ ቤት አቮካዶ ቶስት አሪፍ ነው፣ ግን ከማዘዛችሁ በፊት «አሁን ነው የሚፈጨው?» በሉ። አቮካዶ ከተቆረጠ በኋላ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ሎሚ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። እኔ ቅዳሜ የበላሁት ጠርዙ ቡናማ ነበር። ረቡዕ ግን ጥርት ያለ አረንጓዴ።

ስለዚህ ለሁለት ሰው፣ በሥራ ቀን፣ ጠዋት ከሆነ አዲሱ ቤት ሂዱ። ቅዳሜና እሁድ ከሆነ ቀድማችሁ ደውላችሁ ቦታ አስይዙ፣ ወይም በሩ ሲከፈት ድረሱ። አስተናጋጆቹ ትሁት ናቸው፤ የተሳሳተ ነገር ሲመጣ ንገሯቸው፣ እንደ እኔ ዝም ብላችሁ አትብሉ። «የእለቱ ትኩስ» ተብሎ የተጻፈውን የብርቱካን ጁስ ግን ተዉት። የጓዳው በር ሲከፈት ካርቶኑን አይቼዋለሁ።