የቤት ኮምፒውተሬ ከውጭ የሚመጣን ግንኙነት አልቀበል አለ

ጥያቄ፦
ኡቡንቱ በተጫነበት የቤት ኮምፒውተሬ ላይ፣ ከሌላ ቦታ ሆኜ ልሠራበት ስለፈለግሁ፣ የኤስኤስኤች (ከርቀት ሆኖ ወደ ኮምፒውተር የመግቢያ ዘዴ) ሰርቨር ጭኛለሁ። እዚያው ቤት ካለ ላፕቶፕ በ192.168.1.20 ስሞክር ያለ ችግር ይገባል። በራውተሩም ላይ ፖርት 22ን (ኤስኤስኤች የሚጠቀምበትን የግንኙነት በር) ወደዚሁ አድራሻ ፎርዋርድ አድርጌአለሁ (ከውጭ የሚመጣው ወደዚህ እንዲተላለፍ አዝዣለሁ)፤ ሆኖም ከስልኬ በሞባይል ዳታ ስሞክር ምንም መልስ ሳይመጣ ጊዜው ያልፋል። ችግሩ ከፋየርዎሉ ነው ወይስ ከራውተሩ? ፖርቱን ለውጭ መክፈቱስ አደጋ የለውም?

መልስ 1፦
ከቤት ውስጥ የሚገባ ከሆነ ሰርቨሩ ሥራውን እየሠራ ነው። ቅንብሩን መነካካት ከመቀጠልዎ በፊት፣ በራውተሩ ገጽ ላይ የውጭውን መስመር አይፒ አድራሻ ይመልከቱና የእርስዎን አይፒ ከሚያሳዩ ድረ ገጾች አንዱ ከሚነግርዎት ጋር ያስተያዩት። ሁለቱ ከተለያዩ፣ በተለይም የራውተሩ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ውስጥ ከሆነ፣ አገልግሎት አቅራቢው አንድ ፐብሊክ አይፒ (ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ) ለብዙ ደንበኞች እያጋራ ነው ማለት ነው። ክልሉ እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚሁ ተግባር የተመደበ ነው። እንዲህ ከሆነ ከውጭ የሚመጣው ጥያቄ አቅራቢው ዘንድ ስለሚቀር፣ በእርስዎ ራውተር ላይ የሚደረግ ፎርዋርዲንግ ምንም አይፈይድም።

መልስ 2፦
ስለ አደጋው፦ ለኢንተርኔት የተከፈተ ፖርት 22 ብዙም ሳይቆይ የይለፍ ቃል በሚገምቱ ፕሮግራሞች መደብደቡ አይቀርም። የፖርቱን ቁጥር መቀየር የሙከራውን ብዛት ይቀንሳል እንጂ ጥበቃ አይሆንም። ጥበቃ የሚሆነው በቁልፍ (በይለፍ ቃል ፈንታ በሚያገለግል ምስጢራዊ ፋይል) መግባትና በይለፍ ቃል መግባትን ጨርሶ መዝጋት ነው፤ ነገር ግን የተከፈተውን ግንኙነት ሳይዘጉ በሌላ መስኮት በቁልፉ መግባትዎን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ ከገዛ ኮምፒውተርዎ ውጭ ሊቀሩ ይችላሉ። ኮምፒውተሩ ራሱን እንዳያስተኛም ያድርጉ።

ጠያቂው፦
አስተያየሁት፤ ራውተሩ የሚያሳየው በ100.72 የሚጀምር ነው። ታዲያ ምን አማራጭ አለኝ?

መልስ 3፦
አቅራቢውን ፐብሊክ አይፒ እንዲሰጥዎ መጠየቅ ይችላሉ። አይፒቪ6 (አዲሱ የአይፒ አድራሻ ሥርዓት) በሁለቱም ወገን ካለ ደግሞ በራውተሩ ፋየርዎል ላይ መፍቀድ ብቻ ይበቃል፤ ነገር ግን እንግዳ በሆኑበት ቦታ ሁሉ አያገኙትም። እኔ የምመክረው ፐብሊክ አይፒ ያለው አነስተኛ ሰርቨር ተከራይቶ በዋየርጋርድ ዋሻ (በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል በሚዘረጋ የተመሰጠረ መስመር) ከቤት ኮምፒውተሩ ጋር ማገናኘትን ነው። ግንኙነቱን የሚጀምረው የቤቱ ኮምፒውተር ስለሆነ የአቅራቢው አድራሻ ማጋራት አያግደውም፤ መስመሩ ሥራ ሲፈታ በአቅራቢው መሣሪያ እንዳይዘነጋ ግን በየ25 ሰከንዱ ትንሽ ፓኬት እንዲልክ ማዘዝ ያስፈልጋል። ዋየርጋርድ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በሊኑክስ ከርነል (የኡቡንቱ እምብርት በሆነው ፕሮግራም) ውስጥ ተካትቷል፤ ትክክለኛ ቁልፍ ለሌለው ሰው ከቶ መልስ ስለማይሰጥም ፖርት የሚያስሱ ሰዎች መኖሩን አያውቁም።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ። የፖርት 22ን ፎርዋርዲንግ ከራውተሩ ያጥፉት፤ የኤስኤስኤች ቁልፉን ግን በዋሻው ተማምነው አይተዉት፤ የተከራዩት ሰርቨር በሌላ እጅ ቢገባ እንኳ በሩን የሚጠብቀው እሱ ነው። የቤቱን ኮምፒውተር የኤስኤስኤች ቁልፍ አሻራ (ማንነቱን የሚያሳውቅ አጭር ኮድ) አሁን ቤት ሳሉ ጽፈው ይያዙና ከውጭ መጀመሪያ ሲገቡ ከሚታይዎት ጋር ያመሳክሩት።