የእባብ መርዝ ለፀረ-መርዝ መሥሪያ የሚያገለግለው እንዴት ነው? አንዱስ ፀረ-መርዝ ለሁሉም እባብ ለምን አይሆንም?

የመተማው ልጅ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት በእባብ የተነደፈ የቀን ሠራተኛ ጤና ተቋም ሲደርስ «እባቡ ምን ይመስል ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል። ፀረ-መርዙ ከራሱ ከእባቡ መርዝ ተነሥቶ እንደሚሠራ ሰምቻለሁ፤ ይሁንና ይህ እንዴት እንደሚሆን፣ ደግሞም በአንድ አገር የተሠራው ለሌላው አገር እባብ ለምን ላይበጅ እንደሚችል አልገባኝም። የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ፋርማሲስቷ፦
ወንድሜ፣ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ፈረሱ ነው፤ አንዳንድ አምራቾች በግ ይጠቀማሉ። ከእባቡ የታለበው መርዝ በቅዝቃዜ ከደረቀ በኋላ እጅግ በትንሹ ተለክቶ፣ የሰውነትን መከላከያ ከሚያነቃቃ ውሕድ ጋር ለፈረሱ በመርፌ ይሰጠዋል፤ መጠኑም ቀስ በቀስ ከፍ እያለ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቀጥላል። ፈረሱ መርዙን የሚያመክኑ አንቲቦዲዎችን (የሰውነት መከላከያ ፕሮቲኖችን) በብዛት ማምረቱ ሲረጋገጥ ደሙ ይቀዳል። በደንብ በተደራጁ ተቋማት ቀይ የደም ሴሎቹ ለፈረሱ ይመለሱለታል፤ ፕላዝማው (ፈሳሹ የደም ክፍል) ግን ተጣርቶ፣ ብዙ ጊዜም አንቲቦዲዎቹ ፔፕሲን በተባለ ኢንዛይም ተቆርጠው፣ በብልቃጥ ይታሸጋል።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ፦ አንቲቦዲ የሚያውቀው ያየውን መርዝ ነው። ፈረንሳዊው አልበርት ካልሜት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በኮብራ መርዝ ያዘጋጀው ሴረም (ከእንስሳ ደም የተገኘ ፀረ-መርዝ) ለሌሎችም እባቦች እንደሚሠራ ያምን ነበር። ቪታል ብራዚል የተባለው ሐኪም ግን ያ ሴረም የብራዚልን እባቦች መርዝ እንደማያመክን አሳየ፤ በሳኦ ፓውሎ የሚገኘው የቡታንታን ተቋምም ለአገሩ እባቦች የሚሆን ሴረም ማምረት ያዘ። ዛሬ የበርካታ እባቦችን መርዝ አንድ ላይ የሚያመክን ፀረ-መርዝ ቢኖርም፣ እሱም የሚያገለግለው በዋናነት መርዛቸው ለፈረሱ ለተሰጠው እባቦችና ለቅርብ ዘመዶቻቸው ነው።

ቼናይ የተማርኩ፦
መርዙ የሚታለብበትን ቦታ በሕንድ ታሚል ናዱ ግዛት ለማየት ዕድል አግኝቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1978 የተቋቋመው የኢሩላ (በእባብ አደን የታወቀ የአካባቢው ሕዝብ) እባብ አዳኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር እባቦቹን በሸክላ ማሰሮ ውስጥ፣ የማሰሮውን አፍ በጨርቅ አስሮ ያስቀምጣቸዋል። ባለሙያው የእባቡን ጭንቅላት ከኋላ ይዞ በተወጠረ ስስ ሽፋን ላይ ያስነክሰዋል፤ ቢጫ ጠብታዎችም ወደ ብርጭቆው ይወርዳሉ። በተለያዩ ቀናት ጥቂት ጊዜ የታለበው እባብ የሆዱ ቅርፊት ምልክት ተደርጎበት ወደ ዱር ይመለሳል። የሚታለቡት ዝርያዎች አራት ናቸው፤ የሕንድ ፀረ-መርዝም የሚዘጋጀው ለእነዚሁ አራት ነው። በመካከላቸው የእኛ አገር ቆላ ያለው ትንሹ እፉኝት ዘመድ ይገኝበታል፤ ነገር ግን የሁለቱ መርዝ የተለያየ ነው።

የቆላው ነርስ፦
የመጨረሻው ነጥብ ሰው ገድሏል። በጋና አንድ የገጠር አካባቢ ቀድሞ ይሠራበት የነበረው ፀረ-መርዝ ከሕንድ በመጣ ሌላ ምርት ሲተካ፣ በእባብ ተነድፈው ከታከሙት መካከል የሞቱት ከመቶ 2 ገደማ ከነበሩበት ወደ 12 አሻቅበዋል። ስለዚህ ግዢ የሚፈጽም ሰው ከዋጋው በፊት በማሸጊያው ላይ የተዘረዘሩትን የእባብ ስሞች ያንብብ። እርግጥ ምርጫውም ጠባብ ነው፤ ለአፍሪካ እባቦች ተብሎ ይመረት የነበረውን አንዱን የታወቀ ፀረ-መርዝ የፈረንሳዩ ኩባንያ ሳኖፊ እ.ኤ.አ. በ2014 ማምረት አቁሟል።

እባቡን ያየው ሰው ባይኖርም እኛ ሥራ አንፈታም። ትንሽ ደም በንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ቀድተን 20 ደቂቃ ሳንነካው እናቆየዋለን፤ ቱቦው ሲዘነበል ደሙ አሁንም የሚፈስ ከሆነ መርዙ የደም መርጋትን አበላሽቷልና ፀረ-መርዙን እንጀምራለን። ከፈረስ የመጣ ፕሮቲን ስለሆነ ብርቱ አለርጂ ሊያስነሣ ይችላል፤ ስለዚህ አድሬናሊን አጠገባችን ሳይዘጋጅ አንሰጥም።

የመተማው ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሕፃን መጠኑ ይቀነሳል?

የቆላው ነርስ፦
አይቀነስም። እባቡ ለሕፃን ብሎ መርዙን አይቀንስም፤ የሚመክነውም መርዙ ስለሆነ ሕፃኑ የአዋቂውን ያህል ብልቃጥ ይሰጠዋል። እንደ ክብደቱ የምናስተካክለው መድኃኒቱ የሚበጠበጥበትን የፈሳሽ መጠን ብቻ ነው።