ኩኩሉ… አልነጋም! ከተማ ውስጥ አውራ ዶሮ ይኑር አይኑር?

ጎህ ቀዳ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ክርክሩን የምጀምረው እኔ ነኝ፤ ተከሳሿም እኔው ነኝ። ግቢዬ ውስጥ አምስት ሴት ዶሮዎችና አንድ አውራ አሉኝ። አውራው ሻምበል ይባላል። ስድስቱንም በጫጩትነታቸው ስገዛ ሻጩ «ሁሉም ሴት ናቸው» ብሎኝ ነበር። አምስት ወር ሲሞላቸው አንደኛዋ «ሴት» ቆጡ ላይ ወጣች፣ አንገቷን አሰገገች፣ ኩኩሉ አለች።

የከተማው ደንብ በሌሊት ጎረቤት የሚቀሰቅስ ድምፅን ይከለክላል። አውራ ዶሮ የሚል ቃል ግን የለበትም። ሰሞኑን አንድ ጎረቤቴ አቤት ብሎ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ያናደደኝ ምን መሰላችሁ? እዚሁ ሰፈር ውሻ ሲጮህ ያድራል። የመኪና አላርም ግማሽ ሌሊት ይለቀቃል። ሞተር ሳይክሉ አለ። ለዚያ ሁሉ ማንም አቤት አላለም። ዶሮ ሲሆን ግን ደንብ ይጠቀሳል። እኔ ሻምበልን አልሸጥም፣ አላርድም። ምን ትላላችሁ?

የሌሊት ተረኛ፦ እህቴ፣ የእኔም ሰፈር ሻምበል አለው። ስሙን አላውቅም እንጂ ድምፁን በደንብ አውቀዋለሁ። ነርስ ነኝ። ብዙ ቀን ከሥራ ወጥቼ ቤቴ የምገባው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። እግሬን ታጥቤ ጋደም ስል 10 ሰዓት ይሆናል። እሱ 10 ከ20 ላይ ይጀምራል።

የመጀመሪያውንስ እችለዋለሁ። ያቃተኝ ቀጣዩን እየጠበቁ መተኛት ነው። ትራሱን ጆሮዬ ላይ ጭኜ እቆጥራለሁ። ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ። ዝም ሲል ደግሞ «ምነው ዝም አለ?» ብዬ እነቃለሁ። በማግስቱ መርፌ የምይዝ ሰው ነኝ። ውሻም ይጮሃል ላልሽው፣ የውሻው ጥፋት ያንቺን ዶሮ ነፃ አያወጣውም።

ዝም ብዬ ነኝ፦ ሻጩን ነበር መክሰስ።

ጋሽ ቆጡ፦ ሻጩም ላይፈረድበት ይችላል ልጄ። የአንድ ቀን ጫጩት ጾታ መለየት ቀላል አይምሰልህ። በሙያው የሠለጠኑት እንኳ አንዳንዴ ይስታሉ። በዓይን ግምት የሚሸጥ ሰው ደግሞ ሳንቲም እንደመወርወር ነው።

ዶሮ ሳረባ ብዙ ዓመቴ ነው። ብዙ ሰው አውራ ዶሮ የሚጮኸው ብርሃን ሲያይ ነው ይላል። ብርሃንም ያስጮኸዋል፣ የሌላ አውራ ድምፅም ያስጮኸዋል። ዋናው ሰዓት ግን ያለው በውስጡ ነው። ጃፓን ውስጥ ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን አሳይተዋል። አውራዎቹን ቀንና ሌሊት በማይለይበት ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ አኖሯቸው። ጎህ የሚባል ነገር ሳያዩ በየ24 ሰዓቱ ገደማ፣ ሊነጋ ሲል ይጮሁ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ሌላ ነገር ጨመሩ። አብረው የሚኖሩ አውራዎች ሲጮሁ ተራ አላቸው። ቀድሞ የሚጮኸው የበላዩ ነው፤ ሌሎቹ በማዕረጋቸው ይከተላሉ። የበላዩ ከወጣ የእሱን ቦታ ምክትሉ ይይዘዋል። ሻምበል ያልሽው ስም ገጥሞልሻል።

ጎህ ቀዳ፦ ይኸው! ተፈጥሮው ነው ማለት ነው ጋሼ። አስቦበት የሚረብሽ ፍጡር አይደለም።

የሌሊት ተረኛ፦ እሱማ አላሰበም። ያላሰብሽው አንቺ ነሽ። ጋሼ የነገሩን እኮ ለእኔ ነው የሚያደላው። ውሻ ይሠለጥናል፣ ቤት ይገባል፣ ዝም በል ሲሉት ይሰማል። አላርም ይስተካከላል። በውስጡ ሰዓት ተቀብሮ የተፈጠረን አውራ ማን ያስተካክለዋል? በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ዕድሜውን ሙሉ።

ድምፅ ለኪ፦ የድምፅ ባለሙያ ነኝ። ሁለታችሁም በስሜት ስለሆነ እስቲ ቁጥር ላስገባ። የቤልጂየም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ሥራ የአውራ ዶሮ ጩኸት ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ ሲለካ ከ100 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) በላይ ነው። ራሱ ጆሮ አጠገብ ሲለኩት 140 ያለፈበት ጊዜ አለ። ታዲያ ለምን አይደነቁርም? መንቁሩን ሙሉ በሙሉ ሲከፍት የጆሮው ቀዳዳ ይዘጋል። ተፈጥሮ ለራሱ መሰኪያ ሰጥታዋለች። ለተረኛው አልሰጠችውም።

ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ ወደ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ግንብ ወይም ዛፍ መሃል ካልገባ። ስለዚህ 16 ሜትር ላይ ያለ መስኮት ጋ ሲደርስ 76 አካባቢ ነው። መስኮቱ ገርበብ ካለ ውስጥ የሚገባው 62 ገደማ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ መኝታ ቤት ውስጥ ድንገት የሚመጣ ነጠላ ድምፅ ከ45 ባይበልጥ ጥሩ ነው ይላል። ደህና አድርጋችሁ ብትዘጉት እንኳ ከዚያ በታች ማውረዱ ያጠራጥራል።

አሁን የሚያስቀው ጋ ልምጣ። ደንቡ የሚለካው አማካይ ድምፅን ከሆነ ሻምበል በነፃ ሊሰናበት ይችላል። አንዱ ጩኸት ሁለት ሰከንድ ነው። በሰዓት 30 ጊዜ ቢጮህ ተደምሮ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። ያ 62 በሰዓቱ ላይ ሲሰራጭ ወደ 44 ይወርዳል። ወረቀት ላይ ሲያዩት ጸጥ ያለ ሌሊት ነው። ተረኛው ግን 30 ጊዜ ነቅቷል።

ዝም ብዬ ነኝ፦ አማካይ ማለት እንግዲህ እንዲህ ነው። ጭንቅላቴ ምድጃ ውስጥ፣ እግሬ በረዶ ላይ፤ በአማካይ ተመችቶኛል።

ሕግ አንባቢ፦ ጎህ ቀዳን የሚደግፍ አንድ ጉዳይ አለ። ፈረንሳይ ውስጥ ኦሌሮን የምትባል ደሴት ላይ ሞሪስ የሚባል አውራ ዶሮ ነበር። ለእረፍት የሚመጡ ጎረቤቶች በጩኸቱ ምክንያት ባለቤቷን ከሰሱ። የሮሽፎር ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. መስከረም 2019 ክሱን ውድቅ አደረገ። ጭራሽ ከሳሾቹ ለባለቤቷ 1,000 ዩሮ ካሣ እንዲከፍሉ ተወሰነ። በጃንዋሪ 2021 ደግሞ አገሪቱ የገጠሩን ድምፅና ሽታ እንደ ቅርስ የሚያይ ሕግ አወጣች።

ጎህ ቀዳ፦ ተረኛ ሰማህ? ካሣ ነው ያስከፈሏቸው!

ሕግ አንባቢ፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። ሕጉ የሚለው ገጠር ነው። ሞሪስም ይጮህ የነበረው እንደዚያ ባለ ሰፈር ነው። ዶሮ ወደሚጮህበት ሄደህ ቤት ገዝተህ «ዶሮ ጮኸብኝ» ማለት ሌላ፤ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘን በምንኖርበት ዶሮ ማምጣት ሌላ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ከተሞች ሴት ዶሮ ፈቅደው አውራውን ይከለክላሉ፤ ፖርትላንድ አንዷ ናት። ነገሩ አዲስም አይደለም። ደቡብ ኢጣሊያ ሲባሪስ የምትባል የጥንት ግሪኮች ከተማ ነበረች። በምቾት ወዳድነታቸው የታወቁት ነዋሪዎቿ እንቅልፋችን እንዳይነካ ብለው አንጥረኛና አናጺ ከከተማ አስወጡ፣ አውራ ዶሮም ከለከሉ ተብሎ ተጽፎላቸዋል።

ዝም ብዬ ነኝ፦ ከዚያስ? ተኙ?

ሕግ አንባቢ፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ510 ጎረቤት ከተማ መጥታ አፈረሰቻቸው። ዶሮው ስለሌለ ነው አላልኩም።

እንቁላል ብቻ፦ ይቅርታ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ሴት ዶሮ እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም እኮ። የሚያስፈልገው ጫጩት ለፈለገ ነው። እኔ አራት ሴቶች አሉኝ፤ ጎረቤቶቼ መኖራቸውን ያወቁት እንቁላል ስሰጣቸው ነው። ሻምበል ግቢሽ ውስጥ ምን ይሠራል?

ጎህ ቀዳ፦ ና እና እይ። ጥሬ ስበትን መጀመሪያ አይበላም። አንዷን ፍሬ በመንቁሩ ያነሳታል፣ ይጥላታል፣ እንደገና ያነሳታል። ቱክ ቱክ ቱክ እያለ ሴቶቹን ይጠራል። እነሱ ሲሰበሰቡ እሱ ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል። ጭልፊት ካየ አንድ ረጅም ቀጭን ድምፅ ያወጣል፤ አምስቱም በአንድ ጊዜ ቁጥቋጦ ሥር ናቸው። ድመት ከሆነ ድምፁ ሌላ ነው፤ የተቆራረጠ ነው። ያኔ አይደበቁም፣ ቀና ብለው ያያሉ። እኔ ራሴ ወጥ ቤት ሆኜ የመጣው ከሰማይ ይሁን ከአጥር መለየት ጀምሬያለሁ። ይህን ነው አውጥተሽ ጣይ የምትሉኝ።

የሌሊት ተረኛ፦ ይህን አላውቅም ነበር፤ እውነቴን ነው። የጎረቤቴ ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የሚጠራው ጥሬ ስላገኘ አይመስለኝም።

ጋሽ ቆጡ፦ እንቁላል ብቻ ያልከውን ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሹ ወንድ ነው። «ሴት ይፈቀዳል፣ ወንድ ይከለከላል» የሚል ከተማ ወንዶቹን የት ልኳቸው ነው? ያንተ አራት ሴቶች አራት ወንድሞች ነበሯቸው። ለእንቁላል በሚያረቡ ትልልቅ ድርጅቶች ወንዱ ጫጩት በተፈለፈለበት ቀን ይወገዳል። ጀርመን ከእ.ኤ.አ. 2022 መጀመሪያ ጀምሮ ይህን ከልክላለች። ሌላው ዓለም ብዙው እንደዚያው ነው። ጸጥታህን የገዛልህ ማን እንደሆነ ዕወቅ ለማለት ነው እንጂ አንተን ልወቅስህ አይደለም።

እንቁላል ብቻ፦ ጋሼ፣ ቁርሴን አበላሹብኝ።

ዝም ብዬ ነኝ፦ አንገቱ ላይ የሚታሰር ቀበቶ አለ ይባላል። ድምፁን ያፍነዋል አሉ። ለምን አትሞክሪውም?

ጋሽ ቆጡ፦ እሱን እኔ አልመክርም። ቀበቶው የሚሠራው አየሩ በአንድ ጊዜ ገፍቶ እንዳይወጣ በማጥበቅ ነው። ትንሽ ሲጠብቅ ያንቃል፣ ትንሽ ሲላላ ዋጋ የለውም። አውራው ገና እያደገ ከሆነ ደግሞ አንገቱ በየሳምንቱ ይወፍራል። ሰበቡ ብዙ ነው።

ሌላ መንገድ አለ። አውራውን ማታ ለብቻው ወፍራም የጣውላ ሣጥን ውስጥ ማሳደር። ከውስጥ ድምፅ የሚውጥ ነገር ትለብጪዋለሽ፤ እየነቀለ እንዳይበላው ላዩን በስስ ጣውላ መሸፈን ነው። አየር ማስገቢያው ሰፊ ይሁን፤ ግን ከጎረቤት ፊቱን ያዙር። ጨለማ ስለሚሆን ብርሃኑም የመንገዱም ድምፅ ብዙ አይደርሰውም። በውስጡ ያለውን ሰዓት አታቆሚውም፤ ይጮሃል። የሚወጣው ግን ያነሰ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ራስሽ ትከፍቺለታለሽ። አንድ ቀን ረስተሽ ብትተኚ ግን ሣጥን ውስጥ የቀረው እሱ ነው። ስንፍና አይወድም ይህ ነገር።

ድምፅ ለኪ፦ የጋሼ ሣጥን በደንብ ከተሠራ 15 ዴሲቤል ቢቀንስ ጥሩ ነው። አየር ማስገቢያውን ቀጥ አድርገሽ አትክፈቺው። ታጥፎ የሚገባ ይሁን፤ አየር ይታጠፋል፣ ድምፅ ግን በየመታጠፊያው ይደክማል። ግንብ ካለሽም ሣጥኑን ከግንቡ ሥር አስጠጊው።

የሌሊት ተረኛ፦ እኔ አሁንም ደንቡ ይሻላል ባይ ነኝ። ሁሉም ሰው እንደ ጎህ ቀዳ ጠዋት 1 ሰዓት ተነስቶ ሣጥን አይከፍትም። ሣጥን የማይሠራውንስ ምን ልናደርገው ነው? በየሌሊቱ አጥር ላይ ሄጄ ልማጸነው?

ሕግ አንባቢ፦ ለእሱ ነው ደንቡ ስለ ዶሮው ጾታ ሳይሆን ስለ ሰዓቱና ስለ ጩኸቱ መሆን ያለበት። ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት፣ ጎረቤት መስኮት ላይ ሲለካ፣ ከዚህ ያልበለጠ ይበል። አማካዩን ብቻ ሳይሆን ከፍተኛውንም ይለካ። ሣጥን ሠርቶም ሰፈር ቀይሮም ያሟላ ያኑር። ያላሟላ ይቀጣ። ውሻውም፣ አላርሙም በዚያው ሕግ ይዳኝ። ያኔ ጎህ ቀዳም «በዶሮ ብቻ» አትልም።

ጎህ ቀዳ፦ ከአሥር ቀን በኋላ ተመለስኩ። ሣጥኑን ሠራሁት፤ ጋሼ እንዳሉት። ሻምበል የመጀመሪያው ማታ አኩርፎ ጀርባውን ሰጠኝ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ተነስቼ ግቢ ወጣሁ። ጮኸ። ክዳን ከተደፋበት ድስት ውስጥ እንደሚመጣ ነው ድምፁ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ጠዋት አቤት ያለውን ጎረቤቴን በአጥር ጠራሁት። ከማስጠንቀቂያው ወዲህ ሰላምታ አልነበረንም። «ስንት ጊዜ ሰማህ?» አልኩት። «አራት» አለኝ። «በፊትስ ስንት ነበር?» ስለው ትንሽ አሰበ። «በፊት አልቆጥርም ነበር፤ እሳደብ ነበር» አለኝ።

የሌሊት ተረኛ፦ የሣጥኑን ልክ ጻፊልኝ፤ ቁመቱን፣ ወርዱን፣ የጣውላውን ውፍረት። ነገ እረፍት ነኝ። ወረቀቱን ይዤ ጎረቤቴ ጋ እሄዳለሁ። እምቢ ካለ ራሴ እሠራለታለሁ።